ካሳ ሲጠራ

ስማችሁ ካሳ ከሆነ ቀበሌ አትሂዱ። ምክሬ ነው። እኔ ስሜ ካሳ ስለሆነ ቀምሼዋለሁ። መስኮቱ ጋ ደርሼ «ካሳ እባላለሁ» ስል ሳያስጨርሱኝ «የካሳ ጉዳይ በዚያኛው ቢሮ ነው» ይሉኛል። አንዴማ መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ፣ መንገድ ሲሰፋ አጥራቸው ከፈረሰባቸው ሰዎች ጋር ግማሽ ቀን ተሰልፌ ዋልኩ። ተራዬ ሲደርስ የፈረሰብኝን አጥር ርዝመት ጠየቁኝ። አጥሬ ደህና ነው አልኩ። ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ ተባልኩ። መታወቂያው? ሳይታደስ ቀረ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ኋላ ላይ ሳቁ ይቆማል፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ላወራችሁ የፈለግኩት አውሮፕላን እንዴት ጥሎኝ እንደሄደና ካሳ እንዴት እንደጠየቅኩ ነው። ካሳ፣ ካሳ ሲጠይቅ። ገና ከመነሻው ነገሩ ውሉ የጠፋ ነው።

ካሳ የሚባል ስም ዝም ብሎ አይወጣም፤ ታውቁታላችሁ። ከእኔ በፊት አንድ ወንድም ነበረኝ። ደረሰ ይባላል። እናቴ ልጅ እምቢ ብሏት ብዙ ዘመን ከለመነች በኋላ የመጣ ስለሆነ፣ ስለቴ ደረሰ ስትል ነው ደረሰ ያለችው። ገና ሳያድግ ኩፍኝ ወሰደባት። ከዚያ እኔ ተወለድኩ፤ ካሳ ተባልኩ። ተካስኩ ማለቷ ነው። ተክሳለች ወይ? እኔ እንጃ። ጎባ፣ ቤታችን ግድግዳ ላይ የደረሰ የቆርቆሮ ኩባያ ተሰቅላ ነበር፤ ማንም አይጠጣባትም። እኔ ከትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት ይዤ ስመጣ እናቴ ግንባሬን ሳም ታደርግና «ካሳዬ» ትላለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ኩባያዋ ሄድ ይላል። ካሳ የሚሉት ነገር መቼም ትንሽ ሳይጎድለው አይቀርም፤ እኔ ይሄን ያወቅኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው።

እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። አንድ ነገር ብቻ አትታገስም። ስትጠራኝ ወዲያው አቤት ካላልኩ ትደነግጣለች። ደረሰ የሞተ ዕለት ደጋግማ ጠርታው ዝም ብሏታል አሉ። እና እኔን «ሁለቴ አታስጠራኝ» ትለኛለች። ሜዳ ላይ ኳስ እየተጫወትኩ ከበር ሆና «ካሳ!» ካለች፣ ጎል ላገባ አንድ እርምጃ ቢቀረኝም ቆሜ «አቤት!» ነው። ጓደኞቼ ስንት ቀን ሊደበድቡኝ ምንም አልቀራቸውም። እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሱቄ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ፣ ዜና አንባቢው «ለተነሺ አርሶ አደሮች ካሳ» ካለ አቤት ብዬ ብድግ እላለሁ። ደንበኞቼ ለምደውኛል።

ሱቄ ሮቤ ነው። የትራክተርና የኮምባይነር መለዋወጫ እሸጣለሁ። እናቴን ሮቤ እኔ ጋ ነይ ብላት አሻፈረኝ አለች። እናንተ የጎባን ሰው ታውቁታላችሁ። ጎባ ቢበርድም ጎባ ነው፤ ሮቤ ትናንት የበቀለ ጭቃ ነው። በሁለቱ ከተማ መካከል ሚኒባስ ውስጥ የተከፈተ ወሬ እንኳ አያልቅም፤ እሷ ግን «አገር ልቀቂ አትበለኝ» ትለኝ ነበር። ታዲያ ያን ሁሉ እምቢ ያለችው ሴትዮ ታመመችና አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላት። ታናሽ እህቴ አልማዝ እዚያ ስለምትኖር መጥታ ወሰደቻት።

እኔ ሱቁን ዘግቼ ልሄድ ዛሬ ነገ ስል አልማዝ ደወለች። «ቶሎ ና» አለችኝ። «ስምህን እየጠራች ነው። የሪራ ማርም አማረኝ ብላለች።» ድምፅዋን ስሰማ ገባኝ። በመኪና ቀን ሙሉ መንገድ ነው። እድሜዬን ሙሉ አውሮፕላን ከታች ሆኜ ሳይ የኖርኩ ሰውዬ ትኬት ቆረጥኩ።

አውሮፕላኑ የአንድ ትንሽ የግል ድርጅት ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ አሁን ከስሮ ተዘግቷል፤ በወደቀ ላይ ምን ያደርግልኛል። ማሩን ጎረቤቴ ሐጂ ከድር ናቸው የሰጡኝ። ሐጂ ማር ነጋዴ ናቸው፤ ከሪራ ጫካ የሚመጣውን የሚያውቁት በጠረኑ ነው። ከሁሉ የተሻለውን በጀሪካን ሞሉልኝና አፉን በፕላስተር ጠቅልለው «ለሐርሜ ነው፤ ሒሳብ እንዳታነሳብኝ» አሉኝ። እናቴን ሐርሜ ነው የሚሏት፤ እናት ማለታቸው ነው።

ኤርፖርት በጊዜ ደረስኩ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ በጊዜ ነው የደረስኩት። ማሩን አስረከብኩ፤ ተመዝኖ ወረቀት ተለጠፈበት። ወደ ሰልፉ ልሄድ ስል አንድ የአጋርፋ ገበሬ፣ ደንበኛዬ፣ ሰው ሊሸኝ መጥቶ አገኘኝ። ጀማል ይባላል። እጄን ያዘ። እንግዲህ ባሌ ውስጥ እጅ ከተያዘ በኋላ ሰላምታ ምን ያህል እንደሚረዝም የማያውቅ ከዚህ አገር አይደለም ማለት ነው። አካም? ነጋ? ፋያ? እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው፣ ደህና ነው ማለቱ ነው። ልጆቹ ነጋ? ከብቱ ነጋ? ሱቁ ነጋ? ስንዴው ዋግ አልመታውም? የእኔ ደግሞ ተራዬ ነው፤ የሱን ልጆች፣ የሱን ከብት፣ የሱን ኮምባይነር መጠየቅ አለብኝ። በመሃል «እናትህስ ነጋ?» አለኝ። ምን ልበለው? «ነጋ» አልኩት። ሰላምታ ነዋ! ለሰላምታ እየሞተች ነው አይባልም።

እጄን ሲለቀኝ ሰልፉ አልቆ እኔ መጨረሻ ነበርኩ። ቢጫ ሰደሪያ የለበሰው ሰውዬ ትኬቴን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ሞልቷል» አለኝ።

«ምኑ?»

«አውሮፕላኑ። ትኬት ከወንበሩ በላይ ተሽጧል። መጨረሻ የመጣ ይቀራል።»

«እኔኮ ከሁሉ በፊት ነው የመጣሁት። እዚያ ቆሜ ሰላም እያልኩ ነበር።»

«እሱን እኔ አላውቅም ጋሼ። ነገ ይሄዳሉ።»

እናቴ ታማለች አልኩት። አዘነ መሰለኝ፤ ፊቱን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ሲስተሙ ነው አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ እንደገና ለመንኩት። ወንበር ግን በልመና አይወለድም። በመጨረሻ በቃ ማሬን መልስልኝ አልኩት።

«ማሩ ተጭኗል።»

«ማሩ ተሳፈረ ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

«እኔ ቀረሁ፣ ማሩ ሄደ?»

«አይዞዎት፣ ማሩ በሰላም ይደርሳል» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው እንግዲህ። ቆሜ አየሁት፤ ማሬ ወደ እናቴ በረረ።

ለአልማዝ ደውዬ «ማሩ እየመጣ ነው፤ ሰው ልካችሁ ተቀበሉት» አልኳት። «አንተስ?» አለችኝ። እኔ በመኪና አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

የማለዳ አውቶቡሶች ወጥተው አልቀዋል። እየቀጣጠልኩ ልሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ድንሾ ላይ ደጋ አጋዘኖቹ ሜዳው ላይ ቆመው ያዩናል፤ ከፊት ወንበር ያለ ሰውዬ ሹፌሩን አቁም፣ ፎቶ ላንሳ ይለዋል። ሹፌሩ ደግሞ ደግ ሆነ፤ አቆመለት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም። አጋዘኖቹንም ጠላኋቸው። አዳባን አልፈን ዶዶላ ልንገባ ስንል አልማዝ ደወለች። እያለቀሰች ነው። «አትምጣ» አለችኝ፤ «ነገ ይዘናት እንመጣለን። ጎባ ቅበሩኝ ብላለች።»

«ወራጅ አለ» አልኩ።

ዶዶላ አደርኩ። በማግስቱ ከዋናው መንገድ ዳር አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ እናቴን ጠበቅኩ። ቅዝቃዜው የማይነገር ነው። ባለቤቷ ሻይ በሻይ ላይ ታመጣልኛለች፤ እየቀዘቀዘ ይመለሳል። ማንን ነው የሚጠብቁት አለችኝ፤ እናቴን አልኳት። «ከየት ነው የሚመጡት?» አለችኝ። ከአዲስ አበባ አልኳት። «በሰላም ያምጣልዎ» አለች። አሜን አልኩ።

መኪናው መብራቱን አብርቶ ሲመጣ ከሩቅ ለየሁት። ቆመልኝ። አልማዝ ከሳጥኑ ጎን ተቀምጣለች፤ ከአጠገቧ ቦታ ይዛልኛለች። ገባሁ። እዚያ መኪና ላይ ማንም ሞልቷል አላለኝም።

ጎባ ቀበርናት። ድንኳን ተጣለ፤ ሰው መጣ። ሐጂ ከድር የሮቤን ነጋዴ ሰብስበው መጡ፤ ሦስቱንም ቀን ከአጠገቤ አልተነሱም። አንዱ ለቀስተኛ መቼም ወሬ ያስፈልጋልና አሟሟቷን ጠየቀኝ። ስለ አውሮፕላኑ ነገርኩት። ካሳ መጠየቅ ትችላለህ፤ ሕግ አለው አለኝ። እኔ ካሳ ሲባል አቤት ልል ምንም አልቀረኝም። ሐጂ ከድር ግን ነገሩን አጥብቀው ያዙት።

«ማን ነው የበደለህ?» አሉኝ።

«ድርጅቱ ነዋ ሐጂ።»

«ታዲያ መጥቶ ደጅህ ቆሟል? በድያለሁ ብሏል?»

አልመጣም አልኳቸው። ተገረሙ። እኛ አገር ጉማ ሲከፈል፣ ማለቴ የደም ካሳ ሲከፈል፣ አስቀድሞ በዳዩ በሽማግሌ ይመጣል። ከደጅ ቆሞ በደሉን በአፉ ይናገራል። ከብቱ የሚነዳው ኋላ ነው። ሐጂ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንድም ቀን ከብቱ ቀድሞ ሲመጣ አላዩም። «እነሱ ካልመጡ እኛ እንሄዳለን» አሉኝ። እኔ እንኳ ነገር ማራዘም አልፈለግኩም ነበር። ሐጂ ከድር ሻሻቸውን አስተካክለው ከተነሱ ግን ማን ያስቀምጣቸዋል?

የድርጅቱ ቢሮ ሮቤ ውስጥ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያለች ክፍል ናት። ሰሚራ የምትባል ልጅ ብቻዋን ትሠራለች። አስቀመጠችንና ኮምፒውተሯን ከፈተች።

«ስም?»

«ካሳ።»

«እሱን ደርሼበታለሁ ጋሼ፤ ስምዎን ነው።»

«ካሳ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። የምቀልድ መስሏት ፈገግ ልትል ነበር፤ ጥቁር ልብሴን አየችና ተወችው። ሐጂ ከድር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አሏት፣ «ይሄን ሰው ከእናቱ ያስቀረው ማነው?»

«ሲስተሙ ነው ሐጂ።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«ዋናው አዲስ አበባ ነው።»

«የማን ልጅ ነው?»

ልጅቷ ግራ ገባት። «ሰው አይደለም እኮ ሐጂ። ሲስተም ነው።»

«ጎሳው ማነው ነው የምልሽ። ሽማግሌ ልንልክበት ነው።»

እኔ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ፤ የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ። ሰሚራም ስቃ ነበር፤ ሐጂ እንደማይቀልዱ ሲገባት አንገቷን ደፋች። ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ኮምፒውተር ነው፤ ትኬት ሲሸጥ ከወንበሩ አስበልጦ ይሸጣል፤ ሁልጊዜ የሚቀር ሰው ስለማይጠፋ ነው። ሐጂ ሰሟት፣ ሰሟት። «እና ሰው ካልሆነ፣ ሰውን እንዴት ያስቀራል?» አሏት። ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሯ መለሰች። ስንወጣ እስከ ደረጃው ሸኘችንና «አላህ ያጽናዎት ጋሼ ካሳ» አለችኝ፤ በድርጅቱ ስም ሳይሆን በራሷ። ወደ ሱቄ ስንመለስ ሐጂ እያዘገሙ ሄዱ። ከዚያ «ጎሳ የሌለው ሰው ገጥሞኝ አያውቅም ነበር» አሉ። ከልባቸው ነው ያዘኑት።

ሰሚራ የጻፈችልኝ ማመልከቻ ሄደ። መልስ አልመጣም። ኋላ ሲጣራ፣ አዲስ አበባ ያለው ሰው «አመልካች ካሳ፣ ጉዳዩ ካሳ» የሚል አይቶ፣ ቃሉ በስህተት ተደግሟል፣ ተስተካክሎ ይላክ ብሎ መልሶት ነው። ስሜ ተስተካክሎ ይላክ! ሰሚራ አንዱን ካሳ በቀይ አስምራ፣ ይሄ ስም ነው ብላ እንደገና ላከችው። ከዚያ ከዋናው ቢሮ ተደወለልኝ። ድምፁ ትሑት ነው። የደረሰብኝን ጉዳት ጠየቀኝ።

«እናቴን ሳላገኛት ሞተች» አልኩት።

«ነፍስ ይማር። እሱን ግን ሲስተሙ አይቀበለውም። የመዘግየት አለ፣ የዕቃ መጥፋት አለ፣ ሌላ የሚል አለ።»

«ዕቃዬ አልጠፋም። ማሩ ደርሷል።»

«እንግዲያው ሌላ ውስጥ ላስገባዎት።»

አስገባኝ። እናቴ ሌላ ውስጥ ገባች። ያን ዕለት ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ፤ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይወራል?

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰሚራ ደወለች። የትኬቱ ገንዘብ ይመለሳል፣ በዚያ ላይ አንድ ነጻ ትኬት ተፈቅዷል አለችኝ። ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ የሐጂን ጥያቄ እንዳለ ጽፋ ልካው ኖሮ፣ ከእንግዲህ ሰው ዝም ብሎ እንዳይቀር፣ በመጀመሪያ በፈቃዱ ቦታውን የሚለቅ መንገደኛ እንዲጠየቅ መመሪያ ወጥቷል። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። እኔም አልዋሻችሁም፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ቢያንስ ሌላ ሰው አይቀርም ብዬ።

ለአልማዝ ደወልኩ። «ካሳው ተለቀቀ» አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል ስትስቅ ሰማኋት። ስትስቅ ቆይታ ማልቀስ ጀመረች። ምን ሆንሽ ብላት፣ «ልነግርህ ፈልጌ አፌ እምቢ ያለኝ ነገር አለ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ለአልማዝም የነገረቻት የሆስፒታሉ ነርስ ናት። ያን ቀን የአልማዝ ባለቤት ማሩን ከኤርፖርት አመጣላቸውና በማንኪያ አቀመሷት። የሪራ ነው አለች እናቴ፤ ፊቷ በራ። አልማዝ መድኃኒት ልትገዛ ወጣች፤ ባለቤቷም አብሯት ወረደ። እናቴ አጠገብ የቀረችው ነርሷ ናት። አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ሴትዮ ተኝታለች፤ መሬቷ ለመንገድ ተወስዶባት ጠዋት ማታ የምታወራው ስለ ካሳ ነው። ከዚያ እናቴ ዓይኗን ገልጣ ነርሷን «ካሳ ደረሰ?» አለቻት። ነርሷ ምን ታድርግ? ይቺም የመሬት ተነሺ መሰለቻት።

«ካሳው ተለቋል እማማ፣ መንገድ ላይ ነው» አለቻት።

«ተመስገን። በምን ነው የሚመጣው?»

«በባንክ ነዋ እማማ!»

እናቴ ትንሽ አሰበች አሉ። «የባንኩ መኪና ጭኖት ነው? ጎሽ። ካሳዬን ሰው ይወደዋል» አለች። ነርሷ አልገባትም፤ ግን አዛውንት ናቸው ብላ አዎ አለቻት። «በደህና ይመጣል?» አለች እናቴ ደግሞ። «ሳይጎድል ይመጣል» አለቻት ነርሷ። እናቴ ተመቻችታ ተኛች። «እንግዲያው ጥቂት ልተኛ፤ ሲመጣ ቀስቅሱኝ» አለች። አልማዝ ስትመለስ እንደተኛች ናት።

አያችሁ፣ ያን ሰዓት እኔ እውነትም መንገድ ላይ ነበርኩ። አንድ የማላውቃት ልጅ በስህተት እውነቱን ነገረችልኝ። እኔ አቤት ያላልኩትን እሷ አለችልኝ። አልማዝ ግን አንድ ነገር ጨመረች። «ካሳ ደረሰ ስትል፣ መጣ ወይ ብላ እየጠየቀች ይሁን ሁለታችሁንም እየጠራች፣ እስከ ዛሬ አላውቅም» አለችኝ። እኔም አላውቅም። ሱቄ ውስጥ ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሐጂ ከድር ድምፅ ሰምተው ገቡ፤ ከጎኔ ተቀመጡ።

የዚያን ጊዜ ነው ነጻውን ትኬት ለምን እንደምጠቀምበት ያወቅኩት። ነርሷን ላያት ፈለግኩ። ላመሰግናት፣ ደግሞም እናቴ እያየችው የመጨረሻ ቃሏን የተናገረችውን ፊት ላየው። አልማዝ የነርሷን ስልክ አገኘችልኝ። ባለቤቷ ኤርፖርት ሊጠብቀኝ ተስማማ። ሐጂ እንደገና ጀሪካን ሙሉ ማር አመጡ፤ «ለልጅቷ ነው» ብለው፣ ሒሳብ ሳያነሱ።

ኤርፖርት ከማንም በፊት ደረስኩ። ሰላምታ በእጅ ብቻ፤ ከሩቅ። አንድ የገሰራ ሰው ስሜን ጠርቶ ሲመጣ አይቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፤ ነውር እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ማሩን አስረከብኩ፣ አለፍኩ፣ ተቀመጥኩ። ከእኔ ኋላ ብዙ ሰው አለ፤ በዚህኛውስ የሚያስቀረኝ የለም ብዬ ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ። እናቴን ነበር የማስበው። ጎባ፣ በር ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ።

ሰሚራ በዚያ ቀን ኤርፖርት ልታግዝ መጥታለች። ማይክራፎኑ የተበላሸ ነው፤ ሲያፏጭ፣ ሲቆራርጥ ቆየ። በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ፉጨት ውስጥ የሴት ድምፅ አንዲት ቃል ብቻ ጥርት አድርጎ አወጣ።

«…ካሳ!…»

«አቤት!» ብዬ ብድግ አልኩ።

አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ከዚያ አጨበጨቡልኝ። አንድ ሱፍ የለበሰ ወፍራም ሰውዬ መጥቶ አቀፈኝ፤ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሚዜ ነኝ እኮ፣ ሠርጉ ዛሬ ነው» አለኝ። ለካ አውሮፕላኑ እንደገና ሞልቷል። በፈቃዱ ቦታውን የሚለቅ ካሳ ይሰጠዋል ነበር የተባለው። አዲሱ መመሪያ። በእኔ ማመልከቻ የወጣው።

ስህተት ነው ማለት እችል ነበር። አፌንም ከፈትኩ። ግን ምን ልል ነው? የጠራችኝ እናቴ መስላኝ ነው ልል ነው? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሽበቴን ይዤ? ስንት ጊዜ ጠርታኝ ያልደረስኩላት ሰውዬ፣ ማይክራፎን አንዴ ሲጠራኝ ተነሳሁ። ሁለቴ አላስጠራሁትም። አፌን መልሼ ዘጋሁት፤ ሚዜው ወንበሬ ላይ ሄደ። ሰሚራ እየሮጠች መጣች፤ ማን እንደተነሳ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ ጋሼ ካሳ! አይዞዎት፣ ካሳ ያገኛሉ» አለችኝ። ሌላ የምትለው ጠፍቷት ነው፤ አልተቀየምኳትም።

ማሩስ? ማሩማ ተጭኗል።

ለአልማዝ ደውዬ፣ ባለቤቷ ማሩን ተቀብሎ ለነርሷ እንዲያደርስልኝ ነገርኳትና ሚኒባስ ያዝኩ። ድንሾ ስንደርስ ዝናብ ያዘን፤ አጋዘኖቹ አልታዩም። ዶዶላን ስናልፍ ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። የሴት ድምፅ፣ ወጣት። ማር ደርሶኛል፣ ላኪውን ላመሰግን ብዬ ነው፣ ማን ልበል አለችኝ።

«ካሳ ነኝ» አልኳት።

አልማዝ ሁሉን ነግራታለች፤ ስሜን ታውቀዋለች። ስትተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ በዝግታ፣ ለበሽተኛ በሚወራበት ድምፅ፣ «የት ደረሱ?» አለችኝ።

«መንገድ ላይ ነኝ።»

«በምን ነው የሚመጡት?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ዝናብና ሜዳ ብቻ ነው። መስታወቱን በእጄ ጠረግ አደረግኩና፣

«በባንክ» አልኳት።